ባዮኬሚስትሪ ልትማሩ ነው? ከፒኬም ወደ ኋላ ቁጠሩ

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ እዚህ ሜሪላንድ ሃይስኩል ጨርሳ «ባዮኬሚስትሪ ልማር ነው» ብላ የኮርስ ዝርዝሩን አትማ ቤት መጣች። ሦስት ገጽ ነው። አንደኛ ዓመት የሚለውን በቢጫ አቅልማዋለች። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቱን ተቀበልኳትና ገልብጬ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። እኔ ይህን ዲግሪ ለመጨረስ አምስት ዓመት የፈጀብኝ እንደሷ ከላይ ወደ ታች ስላነበብኩት ነው።

መጨረሻው ገጽ ላይ ፊዚካል ኬሚስትሪ አለ፤ ተማሪው ፒኬም ይለዋል። ከስሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ፕሪሪኩዚት (አስቀድሞ ማለቅ ያለበትን ኮርስ) አንብቡ። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ጄኔራል ኬሚስትሪ 2፣ ካልኩለስ 2 እና ፊዚክስ ይላል። ፊዚክሱ ካልኩለስ 1ን ይጠይቃል፣ ካልኩለስ 1 ፕሪካልኩለስን፣ ፕሪካልኩለስ አልጀብራን። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ዓመት የምትወስዱት ኮርስ እንግዲህ ገና በገባችሁበት ሴሚስተር የየትኛው ሂሳብ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ይጠይቃችኋል።

የኬሚስትሪው ሰንሰለት ለብቻው ነው፦ ጄኔራል 1፣ ጄኔራል 2፣ ኦርጋኒክ 1፣ ኦርጋኒክ 2፣ ባዮኬሚስትሪ 1፣ ባዮኬሚስትሪ 2። አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩ አይከፈትም። ስድስት ሴሚስተር መሆኑ ነው። አራት ዓመት ስምንት ሴሚስተር ነውና ያላችሁ ትርፍ ሁለት ብቻ ነው። ደግሞ ብዙ ዲፓርትመንት «ሲ» ካላመጣችሁ ወደ ቀጣዩ አያሳልፍም፤ «ዲ» ክሬዲቱን ቢሰጣችሁም በሩን አይከፍትላችሁም። በዚህ ላይ ፒኬም 1ን በፎል (በመጸው ሴሚስተር) ብቻ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድ ፎል ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል።

ስለዚህ ክረምቱን ከየትኛው ሂሳብ እንደምትጀምሩ ለሚወስነው ፕሌስመንት ፈተና አውሉት። እኔ ሌሊቱን ፓርኪንግ ስሠራ አድሬ፣ ጠዋት ሳላጠና ላፕቶፕ ከፍቼ ተፈተንኩት። አልጀብራ ላይ ጣለኝ። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢንተግሬሽን የሠራሁ ሰው ነኝ! ጄኔራል ኬሚስትሪ 1 ለመመዝገብ ስሄድ «ሂሳብህ አልደረሰም» ተባልኩ፤ ሰንሰለቱ ገና ሳይጀመር አንድ ሴሚስተር ሄደ። የአክስቴን ልጅ ፍራክሽን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ሦስት ሳምንት ከልሺና ተፈተኚ ብያታለሁ። ፈተናውን ድጋሚ መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል።

ክሬዲቱን በሚመለከት አንድ ሂሳብ ሥሩ። ዲግሪው ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። 12 ክሬዲት ከያዛችሁ ፉል ታይም ናችሁ፤ ለፋፍሳም (ለመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ሆነ ለኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ይበቃል። ግን 12 በ8 ሲባዛ 96 ነው። በአራት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሰመር መማር። እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ ንግግር የመሳሰሉትን ጄኔራል ኤዱኬሽን ኮርሶች በአንዴ አትጨርሷቸው። ኦርጋኒክና ፊዚክስ በሚገጥሙበት ሴሚስተር ከጎናቸው ቀለል ያለ ኮርስ ማስገባት ትፈልጋላችሁና ለዚያ ቆጥቡ። ጄኔቲክስና ሴል ባዮሎጂ እምብዛም አያስጨንቁም፤ ቦታ ይገኝላቸዋል።

ላብ (የላቦራቶሪው ክፍል) ግን ያታልላል። ወረቀቱ ላይ አንድ ክሬዲት ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ቆማችሁ ትውላላችሁ፣ ሪፖርቱ ደግሞ ቅዳሜን ይበላል። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ላብ አትያዙ። የባዮኬሚስትሪ ላብ ለብቻው ኮርስ ከሆነ እንዲያውም ሰፊ ጊዜ ስጡት፤ ሥራ የሚያስገኘው እሱ ነው። ብራድፎርድ የሚባለውን ቡናማ ቀለም ፕሮቲን ላይ ስትጨምሩት ወደ ሰማያዊ ሲለወጥና ማሽኑ በ595 ናኖሜትር ሲያነበው፣ ዛሬ ሥራ ቦታዬ የምሠራውን ነው የምታዩት። ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ በመጠናቸው ለመለየት ጄል ስታስኬዱ ቀዩን ገመድ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘታችሁን ሁለቴ እዩ። ኤስዲኤስ የሚባለውን ሳሙና መሰል ኬሚካል የጠጣ ፕሮቲን ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ቀዩ፣ ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል። እኔ አገለባብጬ ሰክቼው የሳምንት ልፋቴ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ላይ፣ ጄሉ ወደተነከረበት ፈሳሽ ወደ በፈሩ ወጥቶ ቀረ። የላብ ጓደኛዬ አሁንም ይስቅብኛል።

ስለ ኦርጋኒክ የሚወራውን ሁሉ አትመኑ። የሚከብደው ለሚሸመድድ ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ሽምደዳን አገር ቤት በደንብ ተምረናል። የመጀመሪያውን ፈተና ሪአክሽኖቹን በካርድ ጽፌ ሸምድጄ ገባሁና 47 አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ካርዱን ትቼ ርካሽ ነጭ ሰሌዳ ገዛሁና ቀስቶቹን መሳል ጀመርኩ። ቀስቱ የሚነሳው ኤሌክትሮን ካለበት ነው፣ የሚያርፈው ኤሌክትሮን ወደሚፈልገው ነው። ይህ እጃችሁ ውስጥ ሲገባ ያላያችሁትን ሪአክሽን ሳይቀር መገመት ትችላላችሁ። ኦርጋኒክ 2ን ሰመር ላይ በጥቂት ሳምንት መውሰድ ይቻላል፤ ሥራ እየሠራችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ባዮኬሚስትሪ 1 ስትገቡ ያው ሽምደዳ ተመልሶ ይፈለጋል። 20ውን አሚኖ አሲድ ከነመዋቅሩና ከነፊደሉ ኮርሱ ሳይጀመር ያዙ። ላይሲን «ኬ» ነው፤ «ኤል»ን ሉሲን ወስዶበታል። ትሪፕቶፋን «ደብልዩ» ነው። እነዚህን ሳይዝ የገባ ሰው ስለ ኢንዛይም ሲወራ ገና ፊደል ሲቆጥር ይገኛል። ሐኪም መሆን የምታስቡም ብትሆኑ ይህን ኮርስ ከኤምካት (ከሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) በፊት ጨርሱት፤ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ባዮኬሚስትሪን በሰፊው ይጠይቃል።

ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ የመጣችሁ ትራንስክሪፕታችሁን ስታስገመግሙ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ሪፖርት እዘዙ። የየኮርሱን ሲላበስም ከዚያው አስልኩ፤ ኬሚስትሪያችሁ ላብ እንደነበረው ማሳየት የሚችለው እሱ ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ መዛወር ብሩን ስለሚቀንስ ዛሬም እመክራለሁ። እኔን የጎዳኝ ፊዚክስ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ይሰጣል፣ በካልኩለስና ያለ ካልኩለስ። ያለ ካልኩለሱ ይሻልሃል ተብዬ ሁለቱንም ሴሚስተር ወሰድኩት፤ ሁለቱም «ኤ»። ስዛወር ክሬዲቱን ተቀበሉኝ፣ ለባዮኬሚስትሪ ቢኤስ (የሳይንስ ባችለር ዲግሪ) ግን አይሆንም አሉ። ስምንት ክሬዲት ትራንስክሪፕቴ ላይ ተቀምጦ ፊዚክስን እንደ አዲስ ተማርኩ፣ ፒኬምም በዚያው ወደ አምስተኛው ዓመት ተገፋ። ስለዚህ ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ልትዛወሩበት ላሰባችሁት ዲፓርትመንት አድቫይዘር በኢሜይል ጻፉ፦ «ይህ ኮርስ ለባዮኬሚስትሪ ቢኤስ የሚፈለገውን ይተካል ወይስ እንደ ኤሌክቲቭ ብቻ ነው የሚቆጠረው?» በስልክ ቢመልሱላችሁ «እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ» በሉ። ለእኔ የተነገረኝ በቃል ነበር፣ ኮሪደር ላይ ቆመን።