በብርድ ወራት የሚደርቅና የሚያሳክክ ቆዳ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ ስለሆነች የቆዳ ድርቀት የበረሃ ሰው ችግር የሚመስለው ብዙ ነው። ሆኖም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ቀኑም በፀሐይ ሲደርቅ፣ ቆዳ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል።

ችግር፦ ገላን ከታጠቡ በኋላ ቆዳ ይወጠራል፤ ቅልጥም በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር ይወጣበታል፤ ማታ ማታም ያሳክካል።

መንስኤ፦ ጥፋቱ የብርዱ ብቻ አይደለም። ብርዱን ሽሽት የምንታጠብበት በጣም የሞቀ ውኃና በብዙ ቤት ለገላም የሚውለው የልብስ ሳሙና፣ ቆዳ ራሱ የሚያመነጨውን ቅባት ጠርገው ይወስዱታል።

መፍትሔ፦ ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ መታጠቡም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጠናቀቅ። ለስላሳ የገላ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ከዋለ ይበቃል። ከዚያም ገላውን በፎጣ ሳይፈትጉ መታ መታ አድርገው አድርቀው፣ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን ይቀቡ። ቫዝሊን ውኃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ስለዚህ ልብስ ለብሰው፣ ቡና ጠጥተው፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ የሚቀቡት ቅባት ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። (ሕፃን ለማጠብ ብለው የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።)

ችግር፦ ተረከዝ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ይደማል።

መንስኤና መፍትሔ፦ እግር ደጋግሞ ረጥቦ ሳይቀባ በነፋስ ሲደርቅ፣ በነጠላ ጫማም ሲዋል ይብሳል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉ ሰዎች እግራቸውን በጣቶቻቸው መካከል ጭምር በደንብ ቢያደርቁ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላም ተረከዛቸውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ቫዝሊን ወፍራም አድርገው በመቀባት በጥጥ ካልሲ ቢተኙ ስንጥቁ እየለሰለሰ ይሄዳል። የደረቀውን ቆዳ በምላጭ መቁረጥ ግን ቁስል ያመጣል፤ በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሊሞክረው አይገባም።

የከንፈር መድረቅ በምላስ ማራስ ያባብሰዋል፤ እርሱንም ቫዝሊን ይበቃዋል።

ችግር፦ ቅባቱ ሁሉ ተቀብቶ ማሳከኩ አልቆመም፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ሽፍታ አለ፤ ሌላው የቤት ሰውም ያክካል።

መንስኤና መፍትሔ፦ ይህ ድርቀት ሳይሆን እከክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። እከክ ከሆነም፣ የማያሳክካቸውን ጨምሮ የቤቱ ሰዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም፣ ልብሱና አንሶላውም በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይመላለሳል።