እንግሊዝኛ ስንተረጉም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝኛን «አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ» እያልን ስለሸመደድን፣ ቃሉ ፍቺውን ሲቀይር የተከዳን ያህል ይሰማናል። ለዓመታት ስተረጉም ይህ ብስጭት አልለቀቀኝም። ቢሆንም አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከአነባበባችን ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት «ሊተራሊ» ባየን ቁጥር «ቃል በቃል» ማለት ነው። ሰውዬው በሳቅ ሊተራሊ ሞትኩ ካለ «በሳቅ ፍርስ አልኩ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ይህን አነጋገር የዛሬ ወጣቶች ያመጡት ብልሽት አድርጎ መቁጠርም ልክ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍም ተገኝቷል።

የቆየ ጽሑፍን በዛሬ ፍቺ ማንበብ ደግሞ የባሰ ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ሕያዋን የሆኑት ያንቀላፉትን «ፕሪቨንት» አያደርጉም ይላል። የዛሬው አንባቢ «አንከለክላቸውም» ብሎ ይረዳዋል። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ መቅደም ማለት ነበር፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በትክክል «አንቀድምም» ይላል። በዘፍጥረት 1 አትክልቱ ለሰው «ሚት» እንዲሆን ተሰጠ የሚለውም ሥጋን አይመለከትም፤ ያኔ ቃሉ ማንኛውንም ምግብ ይጠራ ነበር።

ቁጥርም ይከዳል። ብሪታንያ እስከ 1974 በይፋ ቢሊዮን የምትለው ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮንን ነበር። በዚያ ዓመት የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት የአሜሪካኖቹን ሺህ ሚሊዮን ተቀበለ። የድሮ የለንደን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ይህን ካልጠየቀ ቁጥሩን በሺህ እጥፍ ያሳንሰዋል።

አገርን አለመጠየቅ እኔን ከሁሉ ያስጨንቀኛል፤ የስብሰባ ውሳኔ ይገለብጣልና። አጀንዳ «ቴብል» ተደረገ ሲባል እንግሊዛዊው ለውይይት ቀረበ ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ግን በይደር ቆየ ማለቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች የጦር መኮንኖች በዚሁ ቃል ሳቢያ ረጅም ክርክር ገጥመው እንደነበር ቸርችል ጽፏል። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር! ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ስትተረጉሙ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደሆነ ሳታውቁ ብዕር አታንሡ።

«ዲስኢንተረስትድ» ላይም ተጠንቀቁ። በፍርድ ቤት ጽሑፍ ዳኛው አድልዎ የለበትም ማለት ነው፤ በዕለት ጨዋታ ግን ብዙዎች «ግድ የሌለው» ለማለት ይጠቀሙበታል። ጉዳዩን ሳያዩ «ግድ የለሽ ዳኛ» ብሎ መጻፍ ያን ዳኛ ያለ ጥፋቱ ስም ማጥፋት ነው።