ሁሉም «ደህና ነው» ካለ አትመኑ

ይህን የምጽፈው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆናችሁ አዲስ ለተመደባችሁ ነው። እኔ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ጀምሬ በኃላፊነት ጨርሻለሁ። እናንተም በየሩብ ዓመቱ ሕዝቡን ሰብስባችሁ «ስኮር ካርድ»፣ ማለትም ሕዝቡ ለጤና ጣቢያው አገልግሎት ነጥብ የሚሰጥበትን ወረቀት፣ ታስሞላላችሁ። መመዘኛዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት፣ ወረፋ፣ መድኃኒትና ላቦራቶሪ፣ ሕንፃው ከነውሃውና መብራቱ፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። ወረቀቱ በአንድ ሰዓት ይሞላል። የተሞላው እውነት እንዲሆን ግን ከስብሰባው በፊት ብዙ ሥራ አለ።

መጀመሪያ ቀኑ። በገበያ ቀን ሰው አይመጣም። ቢመጣም ልቡ ገበያው ላይ ነው። አጨዳና ውቂያ ላይም አትጥሩ። በኛ በኩል እርሻ የማይነካበት ቀን፣ ሚካኤል ወይም ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ ነው። ሙስሊሞች ያሉበት ቀበሌ ከሆነ ዓርብ ቀትርን ተዉት።

ከዚያ የሚጠሩት ሰዎች። የቀበሌ ሊቀመንበሩ የሚያመጣቸው ሁልጊዜ እነዚያኑ ሰዎች ነው፤ መናገር የለመዱ፣ ወንበሩንም የለመዱ። እነሱም ይምጡ። ግን የእድር ዳኛውን ጨምሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፉት ወራት ቤቷ የወለደችውን እናት ፈልጉ። ማን እንደሆነች የጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃለች። እዚህ ያልመጣችበትን ምክንያት ከሷ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይሉኝታ። ነርሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።» አንዲት እናት በኋላ ለብቻዋ ሳገኛት «እናንተ ፊት ማን ይናገራል? ነገ መርፌውን የምትወጋኝ እሷው አይደለች?» አለችኝ። ስለዚህ ባለሙያዎች ይውጡ፤ እናንተም ውጡ። ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ ይቀመጡ። የሚያወያያቸው ከጤና ጣቢያው ደመወዝ የማይበላ ሰው ይሁን። ውጤቱንም እጅ እያስወጣችሁ አትቁጠሩ። ከመጋረጃ ጀርባ ሦስት ጣሳ አስቀምጡ፦ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ። እያንዳንዱ ሰው ገብቶ አንድ ፍሬ ባቄላ ይጥላል። ማንበብ አያስፈልገውም፤ ማንም አያየውም። ባቄላው ሲቆጠር የሚወጣውን ውጤት ከ«ደህና ነው»ው ጋር አስተያዩት።

ጥያቄውም ይለወጥ። አወያዩ «ባለፈው ስትመጪ ከበሩ እስከምትወጪ ምን ምን ሆነ?» ይበል። ያኔ ነገሩ በዝርዝር ይመጣል። «ሦስት ሰዓት ደረስኩ፣ ካርድ ክፍል ሰው የለም።» «መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ ተባልኩ፤ ታዲያ የጤና መድን መዋጮዬን ለምን ከፈልኩ?» ይቺኛዋ ጥያቄ በየስብሰባው ትነሳለችና ኋላ ከሕዝቡ ጋር ስትገናኙ መልሳችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ወሊድ ትንሽ ልቆይ፣ የኔ ሙያ ነውና። ቤታቸው የወለዱትን ስንጠይቅ የምንጠብቀው «መንገዱ ራቀ» የሚል ነበር። መንገዱንም አነሱ። ግን ብዙዎቹ ያሉት ሌላ ነው፦ በሩ ክፍት ነው፣ አላፊ አግዳሚው ያያል፤ እናቴን ውጭ አስቀሯት፤ ከወለድኩ በኋላ ትኩስ ነገር የሚሰጠኝ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው መጋረጃ ነው፣ አንዲት ዘመድ እንድትገባ መፍቀድ ነው፣ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ በሚቆዩበት እናቶች ማቆያ ጋ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ምድጃ ነው። ይህ ሁሉ ፕሮጀክት አይጠብቅም።

ከዚያ ባለሙያውም ራሱን ይመዝን። ሌሊቱን ብቻዋን ያደረች ነርስ ጠዋት ፊቷ ቢጠቁር ሕዝቡ ምክንያቱን ሊሰማ ይገባል። ሁለቱን ወገን የምታገናኙት ከዚህ በኋላ ነው። በስም እየጠሩ መውቀስ ክልክል እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የተነሳውን ነገር ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው እኛው በዚህ ሳምንት የምንጨርሰው፦ የካርድ ክፍል ሰዓት፣ መጋረጃ፣ የሽንት ቤት ቁልፍ። ሁለተኛው ወደ ጤና ጣቢያው ቦርድ ወይም ወደ ወረዳ የሚሄደው፦ ከውስጥ ገቢ የሚገዛ መድኃኒት፣ የአምቡላንስ ጎማና ነዳጅ። ከየነገሩ ጎን የሚሠራው ሰው ስምና ቀን ይጻፍ። በር ላይ ለጥፉት፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ እድር ላይ ይነበብ። ቀጣዩ ስብሰባ በዚህ ዝርዝር ይጀምር። ያልተቻለውን «አልተቻለም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው» በሉ። ሰው ይህን ይችላል፤ የማይችለው «በሂደት ላይ ነው» መባልን ነው።

ስብሰባውን ደግሞ በመዋጮ አትጨርሱ፤ ቀጥሎ ስትጠሩ የሚመጣ አታገኙም። እህልና ቅቤ ለማቆያው ማዋጣት ከፈለጉ ራሳቸው ያነሱታል።

ስለ ሃሳብ መስጫ ሳጥን አትጠይቁኝ። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሠራተኛ ገና አልገጠመኝም። የግድ ስቀሉ ከተባላችሁ ቁልፉን ለእድር ዳኛው ስጡትና በወር አንዴ እሱ ባለበት ይከፈት።