ያለ ቴሌስኮፕ ኔቡላና ጋላክሲ ለማየት

ቴሌስኮፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለጀማሪ 10×50 ባይኖኩላር በቂ ነው። 10 ማለት አሥር እጥፍ ያቀርባል፣ 50 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) እና ጋላክሲ (የቢሊዮኖች ኮከቦች ስብስብ) የሚያስቸግሩት ትንሽ ሆነው ሳይሆን ደብዛዛ ሆነው ስለሆነ፣ ብርሃን በደንብ የሚሰበስብ መስታወት ያስፈልጋል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ጥሩ ጊዜ ነው። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ፣ ከከተማ መብራት ራቅ በሉ፣ ጋቢ ያዙ። ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሀል ላይ ስልክ ከከፈታችሁ ግን እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። መብራት የግድ ካስፈለገ ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል እሰሩበት።

መጀመሪያ የኦሪዮንን ኔቡላ ፈልጉ። በታኅሣሥ ማምሻውን ወደ ምሥራቅ ስታዩ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ኮከቦች አሉ። እኛ ጋ ሲወጡ አንዱ በአንዱ ላይ ቆመው ነው። ከነሱ በስተቀኝ ደከም ያሉ ኮከቦች ተደርድረዋል፤ መሀለኛው ላይ ባይኖኩላሩን አነጣጥሩ። ክርናችሁን ግንብ ላይ አስደግፉ፣ ካልሆነም ሰሌን አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይታይም። ኮከብ ሳይሆን ግራጫ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካያችሁ አገኛችሁት። ፎቶ ላይ ያለውን ቀይና ሐምራዊ አትጠብቁ፤ ዐይናችን እንዲህ በደከመ ብርሃን ቀለም አይለይም። ግን 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ርቆ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበትን ቦታ በገዛ ዐይናችሁ እያያችሁ ነው!

አሁን ትኩር ብላችሁ አትዩት። እይታችሁን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉና ልባችሁን ብቻ እሱ ላይ ተዉት፤ ጭጋጉ ሰፋ ብሎ ይታያችኋል። ደካማ ብርሃን የሚይዘው የዐይናችን ክፍል ከመሀል ወጣ ያለው ነው። ይቺን ነገር ሳይለማመዱ ወደ ሌላው መሄድ ትርፉ ድካም ነው፣ በተለይ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ። እሱ በኅዳር ምሽት በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ፣ ሞላላ ደብዛዛ ምልክት ሆኖ ይታያል። ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው።

በግንቦት ሰማዩ ከፈቀደ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ በደቡብ በኩል ኦሜጋ ሴንታውሪን ፈልጉ። ሚሊዮኖች ኮከቦች የታጨቁበት ድቡልቡል ክምችት ነው። ለንደን ያለ ሰው ጨርሶ አያየውም፣ ከአድማስ በላይ አይወጣለትም፤ ለእኛ ግን አድማሱን ተራራ እስካልከለለው ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።