የላፕቶፕ ሙዚቃን ከማሲንቆ ጋር በመድረክ ላይ እንዴት ሕያው ማድረግ ይቻላል?

በጎንደር አዝማሪ ቤቶች ደጋኑ ወዴት እንደሄደ፣ ጣቱ ጭራውን የት እንደነካ ሁሉም ያያል፤ «ተቀበል» ተብሎ የተወረወረለትን ግጥም አዝማሪው ወዲያው ይመልሳል። ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሙዚቀኛ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ የሚሰለቸው ድምፁ ከኮምፒውተር ስለመጣ ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገ ስለማያይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠረጴዛውን አስተካክሉ። ላፕቶፑን ወደ ጎን፣ ሚዲ ኮንትሮለሩን (ሶፍትዌሩን በማዞሪያና በቁልፍ የምታዙበትን መሣሪያ) ወደ ተመልካቹ አዘንብላችሁ አስቀምጡ። ኮድ እየጻፉ የሚጫወቱት ሙዚቀኞች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ ቶፕላፕ የተባለውን ስብስባቸውን ከመሠረቱ ወዲህ፣ ስክሪናቸውን በፕሮጀክተር ያሳያሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ለአንድ ማዞሪያ አንድ ሥራ ብቻ ስጡ። የፊልተሩን (ቀጭኑን ወይም ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንሰውን) ማዞሪያ ከ200 እስከ 8,000 ኸርዝ ገድቡት። ከ20 እስከ 20,000 ከተተወ ጫፎቹ ላይ እጅ ይዞራል፣ ድምፅ ግን እምብዛም አይለወጥም፤ ተመልካቹም ማስመሰል ይመስለዋል።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ቅኝቱ ነው። ማሲንቆ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች እንጂ ላፕቶፑ በሚከተለው በ440 ኸርዝ መደበኛ ልኬት አይደለም። ላፕቶፑን ወደ ማሲንቆው አምጡ እንጂ ማሲንቆውን ወደ ላፕቶፑ አታስጨንቁት። ጣት ሳያርፍበት ጭራውን አስመትታችሁ በቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ለኩ፤ ከቅርቡ ኖት 30 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ዝቅ ካለ የላፕቶፑን ድምፆች በሙሉ 30 ሴንት አውርዱ። ጭራው እየላላ ስለሚሄድ በየዘፈኑ መሃል ደግማችሁ ለኩ። ቅኝቱ ትዝታ ከሆነ የምትጨምሩት ቤዝም በዚያው 5 ድምፅ ውስጥ ይቆይ።

ምቱ 6/8 ከሆነ ሶፍትዌሩ በ4/4 ስለሚከፈት ቀይሩት። ጭፈራው ሲደምቅ አዝማሪው ፍጥነት ይጨምራል፤ ታፕ ቴምፖን (ፍጥነትን በመምታት የሚያስይዘውን ቁልፍ) በእግር ፔዳል ላይ አድርጋችሁ ተከተሉት፤ ሉፖቹም (እየተደጋገሙ የሚጫወቱት ቁራጮች) ከ2 ባር (የምት ዙር) አይርዘሙ። ረጅም ሉፕ አዝማሪውን ያስራል።

ማሲንቆው በላፕቶፑ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በፈርን፣ ማለትም ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የድምፅ ቁራጭ፣ 128 ሳምፕል ላይ አድርጉ። በ44,100 ኸርዝ ይህ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ነው፤ 512 ግን ወደ 12 ይጠጋል፤ ይህም ሲገባም ሲወጣም ስለሚቆጠር አዝማሪው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማና ምቱ ይፈርሳል። በ128 ድምፁ ከተንጫጫ ፕሮሰሰሩ አልቻለም ማለት ነው፤ ከባድ ትራኮችን አስቀድማችሁ ወደ ተቀዳ ድምፅ (ኦዲዮ) ቀይሩ እንጂ በፈሩን ለመጨመር አትቸኩሉ።

ቻርጀሩ ሲሰካ «ህምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ግራውንድ ሉፕ (በመሬት መስመር በኩል የሚገባ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ) ነው፤ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መሃል መስመሩን የሚለይ ዲአይ ቦክስ አስገቡ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ስፒከሩ ግን ይሞታል። አዝማሪው ያለ ማይክ እንዲቀጥል አስቀድማችሁ ተስማሙ። ወዲያውኑ የሚክሰሩን ዋና ድምፅ እስከ መጨረሻው ታች አውርዱ፤ ካልሆነ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ምት ስፒከሩን ሊበጥስ ይችላል። ሲመለስ አዝማሪው የደረሰበትን ፍጥነት በፔዳሉ ያዙና በከበሮው ብቻ ግቡ፤ ቤዙን ከ4 ባር በኋላ አምጡት።