ራሱን የሚያስተካክል የአንጎል ማነቃቂያ፦ በሥነ ምግባር ክርክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"መሣሪያው ሐሳብ ያነባል" ብሎ መነሳት። አያነብም። ለፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያስር የአንጎል ሕመም) ታማሚ አንጎል ውስጥ የሚተከለው መሣሪያ በዋናነት የሚከታተለው ቤታ የሚባለውን፣ በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ የሚመላለሰውን የአንጎል ሞገድ ነው። ሞገዱ ሲያይል ወደ አንጎል የሚልከውን ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ሲረግብ ይቀንሳል። ታማሚውን የሚነካው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የኤሌክትሪኩን ልክ ማን ወሰነው?

"ማሽኑ ነው የወሰነው" ማለት። የኤሌክትሪኩን ወለልና ጣሪያ የሚያበጀው ሐኪሙ ነው፤ ማሽኑ የሚመላለሰው በዚያ መካከል ነው። ጉዳት ሲደርስ በማሽኑ ማሳበብ አያዋጣም።

"መንቀጥቀጡ ከቆመ ሌላ ምን ይፈለጋል?" ብሎ መደምደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኔዘርላንድስ የታተመ የሕክምና ዘገባ የአንድ የ62 ዓመት የፓርኪንሰን ታማሚ ታሪክ ይዟል። ማነቃቂያው ሲበራ ሰውነቱ ይታዘዝለታል፤ ነገር ግን ልክ ያጣ ደስታና ግልፍተኝነት ይይዘዋል፣ መድኃኒትም አልመለሰውም። ሲጠፋ ደግሞ ልቡናው ይመለሳል፣ እሱ ግን ከአልጋ አይነሳም። ሐኪሞቹ መሣሪያውን አጥፍተው፣ አእምሮው በረጋበት ሰዓት ጠየቁት። በርቶ እንዲቆይና በአእምሮ ሕክምና ተቋም መኖርን መረጠ።

ያ መሣሪያ ሳያቋርጥ በአንድ ልክ የሚሠራ፣ የድሮው ዓይነት ነበር፤ "በርቷል" እና "ጠፍቷል" የሚባሉ ሁለት ግልጽ ሰዓቶች ነበሩት። ልኩ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ሲሆንስ? ታማሚው ዛሬ የከፋው በራሱ ሐዘን ይሁን ወይስ ኤሌክትሪኩ ከፍ ዝቅ ብሎ፣ በምን ይለየዋል? ቤተሰቡስ? (ሐኪሞች የትዳር ጓደኛውንም የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም።) ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ የትኛውን ለውጥ እንደሚቀበልና የትኛው ሲታይ ልኩ እንዲቀነስለት እንደሚፈልግ ራሱ ታማሚው ቢናገር ይሻላል።

ፈቃድን በአንድ ፊርማ መጨረስ። የማይሞላ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና ይቀየራል። መሣሪያው የተተከለው ለጥናት ከሆነ ጥናቱ ሲያበቃ፣ ወይም አምራቹ ሥራ ሲያቆም የባትሪውን ወጪ ማን እንደሚከፍል የፈቃድ ቅጹ ላይ ካልተጻፈ፣ ፈቃዱ ጎዶሎ ነው።

መረጃውን መርሳት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሚጥል በሽታ የተፈቀደው ማነቃቂያ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ መዝገቡ ለሕክምና ይጠቅማል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንጎል የሚገኝ መረጃ እንዲጠበቅ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላለች። ታማሚው ግን መዝገቡን ማን እንደሚያይ፣ ቅጂ ማግኘት ይችል እንደሆነ ከመተከሉ በፊት ይጠይቅ።