ዲነር ወይስ ዳይነር? የጎደለው ኤን ጉዳይ

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ዲክቴሽን ላይ ዲነር (dinner) ስትጽፍ ሁሌ አንድ ኤን ትዘላለች። ራት የነበረው ዳይነር (diner) ይሆናል፤ እሱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ቀለል ያለ ምግብ ቤት ነው። “አጎቴ፣ አንድ ኤን ብቻ እኮ ነው የሚሰማው!” ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኛ የበዓሉን ገና አጥብቀን እያነበብን አንድ “ና” እንጽፋለን። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለት ጽፎ አያጠብቅም።

ደጋግሞ ማስጻፉ ጠብ አላለም። የሠራልን ቃሉን መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ አናባቢዎቹን በእርሳስ ትከባለች። በመካከላቸው ሁለት ተነባቢ ካለ መሃሉ ላይ ትቆርጣለች፦ ዲ፣ አይ፣ ኤን አንድ ክፍል፤ ኤን፣ ኢ፣ አር ሌላ ክፍል። የመጀመሪያው በኤን ስለተዘጋ አይ ድምፁ ያጥራል። ኤን አንድ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሄዳል። ዲ እና አይ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራሉ፤ አይም የራሱን ስም ይጠራል፦ ዳይ።

አሁን ስትጽፍ ጆሮዋን ትሰማለች። ድምፁ አጭር ከሆነ ሁለት ኤን።

ሌመን (lemon፣ ሎሚ) ግን አስቸጋሪ ነው። ኤም አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ የፊተኛው አናባቢ አጭር ነው። ስለዚህ ስታነብ ክፍት አድርጋ ትሞክራለች። “ሊመን” የሚባል ነገር ስለማታውቅ ከኤም በኋላ ትቆርጣለች። እንዲህ ያሉትን ፍሪጅ ላይ ለጥፈናቸዋል፤ ሮቢንና ካቢንም አሉበት።